ወንድሜን ልመክር ቡራዩ የሄድኩ ጊዜ

ከተመለስኩ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ «ወንድምሽ እንዴት ነው? አገሩስ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው» ብዬ ዳቦአቸውን አቀብላቸዋለሁ። ደህና አይደለም። እኔ ነኝ ደህና እንዳይሆን ያደረግሁት። በቃል ለማውራት አፌ አልደፍር ስላለ እንደሆነው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሰበታን ረግጦ የማያውቅ ሰው አገሩን ያይበት፤ እኔን የሚያውቅ ደግሞ ይፈርብኝ፣ ግድ የለም።

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ዳቦ ቤቱን ብቻዬን ይዤዋለሁ። በሰልስቱ ቀን እንኳ ምድጃዬ አልጠፋም፤ ይህንንም ለስንት ዓመት እንደ ጀግንነት ሳወራው ኖሬአለሁ። ወንድሜ መስፍን በአሥራ አንድ ዓመት ታናሼ ነው። እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም ነበር፤ ያሳደግሁት እኔ፣ ከፍዬ አናጺነት ያስተማርኩትም እኔ። ቡራዩ ወርዶ፣ ጫልቱ የምትባል የአገሩን ልጅ አግብቶ፣ በአንድ ሽማግሌ ግቢ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍቶ ይኖራል።

ከጉዞው ትንሽ ቀደም ብሎ ለእኛ ለትንንሾቹ ነጋዴዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ሱፉ የተተኮሰ ወጣት ነው። ሰሌዳው ላይ «ባህል» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ለቅሶ፣ በዓል፣ ዘመድ፣ ይሉኝታ ብሎ ደረደረ። «ሥራችሁን የሚገድሉት እነዚህ ናቸው» አለን። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ይሉኝታ ሲል መስፍን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሁሉን ደብተሬ ላይ ገለበጥኩና ሄጄ ልምከረው ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ከመናኸሪያ በአሥራ ሁለት ሰዓት ስንነሳ የኅዳር ውርጭ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። አንድ ጆንያ ዳቦ፣ ለጫልቱ አንድ ጋቢ፣ ደብተሬንም ይዣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሸኖ እስክንደርስ ስለ ቅቤ ሲያስተምሩኝ ቆዩና ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ በመስኮት ውጭውን አየሁ። ለገዳዲ አካባቢ ከብቶቹ ከእኛዎቹ ይወፍራሉ፤ ሣሩ ግን ያው የእኛው ሣር ነው። ምን እንደሚያበሏቸው እንጃ።

ላምበረት ወርጄ፣ ታክሲ ቀያይሬ አስኮ፣ ከአስኮ የቡራዩን ያዝኩ። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ውሃ አየሁ፤ ዙሪያውን ባህር ዛፍ።

«እማማ፣ ቡራዩ እኮ ድሮ አለፈ። ገፈርሳ ነን» አለኝ ረዳቱ።

«ታዲያ አፍ የለህም?» ብዬ ጮህኩበት። ምን በወጣው፤ የተኛሁት እኔ። ጆንያዬን መንገድ ዳር አስቀምጦልኝ ሄደ።

እዚያ አንዲት ሴት ድንች ዘርግታ ትሸጣለች። «አካም ጅርቱ?» አለችኝ። ኦሮምኛ አልችልም፤ ሰላምታ መሆኑ ገብቶኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ጆንያዬን አየት አድርጋ ተነሳች፤ ድንቿን በላስቲክ ሸፈነችና ጆንያውን በአንድ ጫፍ አነሳች። ታክሲ የሚቆምበት ድረስ ሩቅ ነበር።

«ኧረ ዕቃሽን ጥለሽ?»

«ማን ይነካዋል? እንግዳ አይደለሽ እንዴ!»

ታክሲ እስኪመጣም አብራኝ ቆመች። ሁለት ዳቦ በግድ ሰጠኋት። ከተሳፈርኩ በኋላ ደብተሬን አወጣሁና «እንግዳ ለመሸኘት ገበያ ትቶ መሄድ» ብዬ ጻፍኩ፤ በጥፋት መዝገብ ማለቴ ነው። እንዲህ ነበርኩ።

መስፍንና ጫልቱ ቅንጬ በቅቤ፣ ጎመን በአይብ አቅርበው ጠበቁኝ። አልጋቸውን ለቀቁልኝ። «ኧረ መደብ ይበቃኛል» ብል ማን ሰምቶኝ። መሬት አንጥፈው ተኙ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ለመጣ ሰው ቡራዩ ሙቅ ነው፤ እነሱ ግን «እንዳይበርድሽ»፣ «እንዳይበርድዎት» እያሉ ሦስት ብርድ ልብስ ጫኑብኝ።

ረቡዕ

ሥራ ቤቱ ከአስፋልቱ ዳር ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ግማሽ ግድግዳ። ሠራተኛው አንድ ነው፤ ማርቆስ ይባላል፣ ከወላይታ የመጣ፣ ጴንጤ፣ ሲሠራ በለሆሳስ መዝሙር የሚያዜም ጎልማሳ። ሠላሳ ወንበርና ስድስት ጠረጴዛ ተደርድሯል፤ ግማሹ ገና ቫርኒሽ አልነካውም። ሱሉልታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍት አቶ ግርማ የሚባል ሰው ነው ያዘዘው። ዓርብ ጠዋት ይደርሳል ተብሎ ቃል ተገብቷል።

ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ደብተሬን ከፈትኩ። ሰው ይመጣል፤ መስፍን መጋዙን አስቀምጦ ይነሳል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤፉ አጨዳ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ ይጠያየቃሉ። አንዱ የተሰነጠቀ የማረሻ ድግር ይዞ መጣ፤ መስፍን ጠግኖ ሸኘው፤ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነው፤ በቃ። ማርቆስ እሑድ አይሠራም፤ መስፍን ደግሞ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን አይነካም። እኛ ቤት ገብርኤልም ቢሆን ሰው ዳቦ ይበላል!

«እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትሠሩት?» አልኩት።

«አይ እትዬ፣ ይኸው እየሠራን አይደል?» ብሎ ሳቀ።

ምሳ ይዛ የመጣችው ጫልቱ ነገሩን ልታስረዳኝ ሞከረች። መስፍን ቡራዩ የገባው በክረምት፣ ማንም ሳያውቀው ነው። ያን ሰሞን የግቢው ባለቤት የኦቦ ቶሎሳ እናት ሞቱ። ጎርፉ መንገድ ዘግቶ ሳጥን የሚሠራ ጠፋ። መስፍን ማንም ሳይጠይቀው፣ ለራሱ አልጋ ያስቀመጠውን ጣውላ አውጥቶ የሬሳ ሳጥን ሠራላቸው። ኦቦ ቶሎሳ ከቀብር መልስ «ግቢዬ ውስጥ ሥራ» አሉት። ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ሳጥኑን የሚሠራው መስፍን ነው፤ አይሸጠውም።

«በሩን፣ አልጋውን፣ የትምህርት ቤቱን ዴስክ የሚያዙት ታዲያ እነዚያው ሳጥን የሠራላቸው ናቸው፣ እትዬ» አለችኝ ጫልቱ።

ሰማኋት? ሰማኋት። ደብተሬ ላይ ግን «ጣውላ በነፃ፣ ቀን በነፃ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ራሳቸው መጡ፤ ረዥም ሽማግሌ፣ ከዘራ ይዘው። መስፍን ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበ። እኔን «ልጄ» አሉኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ልጄ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ ከሥራ ቤቱ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ በከዘራቸው አሳዩኝ።

«ይሄን ለመስፍን ጨምሬለታለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሎች ባሉበት ይለካል። ሰፊ ሼድ ይሥራበት።»

መስፍን አንገቱን ደፋ። ደስታው ከጆሮው ያስታውቅ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል። ለስንት ዓመት የሚመኘው ነው፤ መሰንጠቂያ ማሽን የሚያቆምበት ቦታ ካገኘ ሌላ ሁለት ሰው ይቀጥራል፣ እንጨት ከዝናብ ያስጠልላል። ኦቦ ቶሎሳ ሲሄዱ ሰበታ የምትኖረው እህታቸው አዴ ወርቄ በጠና መታመሟን ነገሩን። «ፈጣሪ ያውቃል» አሉ።

ሐሙስ

ጎህ ሳይቀድ ስልክ ጮኸ። አዴ ወርቄ አረፈች። ጫልቱ «ያ ዋቃ! አምላኬ!» ብላ አለቀሰች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በመጀመሪያው ታክሲ ወደ ሰበታ ሄደች። ቀብሩ ዓርብ በስድስት ሰዓት ነው።

ሥራ ቤቱ ስደርስ መስፍን ከጣሪያው ሥር አንድ የደረቀ የዋንዛ ጣውላ እያወረደ ነበር።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሳጥኑን ልሠራ ነዋ።»

«ወንበሮቹስ?»

«ለግርማ እደውልለታለሁ። ቅዳሜ አደርስልሃለሁ እለዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ለቅሶ ነው ብዬ። ሰው አይደለም እንዴ?»

ያን ጊዜ ደብተሬን ገለጥኩ። አነበብኩለት፤ ለቅሶ፣ በዓል፣ ዘመድ፣ ይሉኝታ። ሳጥን በየሱቁ ሞልቷል አልኩት። ደንበኛ አንዴ ከሄደ አይመለስም አልኩት። ወንበሩን ዓርብ በማለዳ አራግፈህ በቀጥታ ሰበታ ትሄዳለህ፣ ለቀብሩም ትደርሳለህ፣ ምን ቀረብህ? አልኩት። እጁ ጣውላው ላይ ነው።

ማርቆስ ከወዲያ «ጋሼ፣ እኔ ልሥራው? እርስዎ ወንበሩን ይጨርሱ» አለ።

«አንተ ቫርኒሽህን ቀባ» አልኩት። አፌን በቆረጠው!

መስፍን ጣውላውን አለቅ ሲለኝ የመጨረሻውን ተናገርኩ። «እኔ ባሌን ቀብሬ በሦስተኛው ቀን ሊጥ ያቦካሁት ላንተ ትምህርት ነው። እንዲህ እንድትሆን ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጣውላውን ወደነበረበት መለሰው።

«እሺ፣ እትዬ።»

ያሸነፍኩ መሰለኝ። አብረን ሄደን ሳጥን መረጥን፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት፤ ወርቃማ ወረቀት የተለጠፈበት፣ የሚያብረቀርቅ። «ይኸው፣ ካንተ ዋንዛ አይበልጥም?» አልኩት። ታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭነን ወደ ሰበታ ላክነው። መስፍን ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረው። ወንበሮቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቁ። ማርቆስ መሣሪያውን ሰብስቦ «ነገ ቀብር መሄድ እፈልጋለሁ፤ ኦቦ እኔን አገር ለአገር ስዞር አስጠልለውኛል» አለ። የእድሩ አባል አይደለም፣ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። ሂድ ተባለ።

ዓርብ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። ትንሿ የጭነት መኪና በማለዳ ትመጣለች ተብሎ ፀሐይ ሞቅ ሲል መጣች። ከአዲሱ ገበያ በላይ አቀበቱ ላይ ራዲያተሯ ፈላ። ሹፌሩ ወርዶ ራሱን ያካል፤ መስፍን ሰዓቱን ያያል፤ እኔ ሹፌሩን እሰድባለሁ። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት በጀሪካን ውሃ ይዛ ወጣች፣ ተመልሳ ሁለተኛ አመጣች። እናንተ የማታውቁትን መንገድ ልንገራችሁ፤ ዳር ዳሩ የጽድ ዛፍ ነው፣ ብርዱ የደብረ ብርሃንን ይመስላል፣ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ ሜዳው ድንገት ይከፈታል፣ ሣሩ ላይ ሯጮች ይሮጣሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሱሉልታ ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። የማረፊያው በር ዝግ ነው። ዘበኛው ካፖርታቸውን ጠቅልለው ወጡ።

«አቶ ግርማ የሉም።»

«ወንበር ነው ያመጣነው፤ ቀጥረውናል» አለ መስፍን።

«ለቅሶ ሄደዋል። ዘመድ ሞቶባቸው። ሰበታ።»

መስፍን የመኪናውን ጎን ያዘ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር። ሰበታ ትልቅ ከተማ ነው፤ በቀን ስንት ሰው ይሞታል።

«የማን ለቅሶ?» አልኩ።

«አዴ ወርቄ የሚባሉ። የቡራዩው ኦቦ ቶሎሳ እህት። ለአቶ ግርማ በእናታቸው በኩል አክስት ናቸው።»

ሰውየው ወንበሩን ለማዘዝ ለምን መስፍንን እንደፈለገ ያኔ ገባኝ። ኦቦ ቶሎሳ ናቸው «የኔ ልጅ ይሠራልሃል» ያሉት። መስፍን ያውቅ ነበር ዝምድናውን? አጥርቶ አያውቅም፤ «የኦቦ ሰው ነው» ብቻ ተብሎ ነበር።

«ልሂድ» አለ። «አንቺ እዚህ ሁኚ፤ ታክሲ ልያዝ።»

እዚህ ላይ ደግሞ ሁለተኛውን ጥፋት ጨመርኩ። ከሱሉልታ ሰበታ ማለት አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። «አትደርስም» አልኩት። «ቀብሩ አልፎ ስትደርስ የባሰ ማፈሪያ ነው። ዕቃህን አስረክብ፣ ነገ እንሄዳለን።» እግሩን አነሳ፣ መለሰው። ተመልሶ መኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠ። ቢዘገይም መሄድ ነበረበት። መንገድ ላይ ሆኖ ቢያለቅስ እንኳ ይሻል ነበር።

ዘበኛው ምሳቸውን ከፈቱ፤ ሽሮ በእንጀራ፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ። «ኑ፣ ብቻ አይበላም» ብለው ለአራት አካፈሉት። መስፍን ድርሻውን ለሹፌሩ አሳለፈ።

አቶ ግርማ በአሥር ሰዓት መጣ። ጫማው ቀይ አፈር ለብሷል። ወንበሮቹን አየ፣ መስፍንን አየ።

«እዚህ ነህ እንዴ? ሁሉም ሲፈልግህ ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት አደርሳለሁ ብዬ ቃል ስለገባሁ…»

«ምን ነካህ መስፍኔ! ደውለህ ለቅሶ ላይ ነኝ ብትለኝ እኔ ምን እላለሁ? ሰው አይደለሁም?»

የመስፍንን የሐሙስ ጠዋቱን ቃል ነው የደገመው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አቶ ግርማ አልተቆጣም፤ ወንበሩን በእጁ ዳሰሰ፣ «ቆንጆ ሥራ ነው» አለ፣ ራሱም አብሮ አራገፈ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

ሰበታ ከአየር ጤና ወዲያ፣ በጅማ መንገድ ነው። ፋብሪካው በዝቷል፤ የጭነት መኪናው አቧራ ያለብሳል። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ስትሄድ ከሩቅ እያለቀስክ ነው፤ እኛ ግን ከታክሲ ወርደን እንደ ሌባ ዝም ብለን ገባን።

ድንኳኑ ሰው አለው። ጫልቱ ከሴቶቹ ጋር ሰሃን ታጥባለች፤ ቀና ብላ አየችንና ተመለሰች። መስፍን ኦቦ ቶሎሳ እግር ሥር ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ።»

«ተነስ፣ ተነስ። ሥራ ነው። ሥራ ያስቀራል» አሉ። «ማርቆስ ስላንተ አፈር መልሷል። ሳጥኑንም ከፊት ሆኖ ተሸክሟል።»

«ኮቱ፣ ነይ» ብለው እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ምግብ አስመጡልን። ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ ዳቦ ቤቴ ጠየቁኝ። እህታቸውን ቀብረው በማግስቱ የእኔን ዳቦ ይጠይቃሉ! እንባዬ መጣ። ምን ያህል ሰዎች እንደሆኑ ያኔ አየሁ፤ ትናንት ማየት ነበረብኝ።

«እህቴ ታማ ሳለች» አሉ ቆይተው፣ ለማንም ሳይሆን እንደ ወሬ፣ «‹ሳጥኔንስ ማን ይሠራዋል?› አለችኝ። ‹እናታችንን የሠራላት ልጅ ነዋ› አልኳት። ደስ አላት። እሷማ አላየችውም፤ ምን ይሆናል።»

መስፍን ሁለት እጁን ጉልበቱ መሃል ቀበረ። አልቻልኩም።

«ኦቦ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ጣውላውን አውርዶ ነበር። እኔ ነኝ አትሥራ ያልኩት። እኔን ይቆጡኝ።»

ረጋ ብለው አዩኝ። «አይ ልጄ። አንቺ እንግዳ ነሽ። እሱ ትልቅ ሰው ነው።»

የእኔን ጥፋት እንኳ ከእሱ ላይ አላነሱልኝም። ስንነሳ መስፍንን ትከሻውን ይዘው እንዲህ አሉት፤ ድምፃቸው አልጠነከረም፤

«እሑድ የተባለው ይቆይ። ለሥራ ሰው እንደ ሥራ መሆን ይሻላል። ማክሰኞ ወረቀት እንጻጻፍ። ግቢው ለስድስት ወር ያንተ ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ እንተያያለን።»

ውል። ያ አሠልጣኝ ቢሰማ «ይኸው፣ አሁን ነው ንግድ የሆነው» ይል ነበር። በእኛ አገር ያለ ውል ቤት የሚያከራይ ሞኝ ነው እንላለን። መስፍን ግን እንደተባረረ ሰው «እሺ ኦቦ» ብሎ ወጣ። ለስንት ዓመት ያለ ወረቀት የተኖረበትን ግቢ አሁን በወረቀት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የገባው እሱ ነው። ልጅ የነበረው ተከራይ ሆነ።

ጫልቱ እስከ ድንኳኑ በር ሸኘችኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። በላስቲክ የታሰረ ጭኮ ሰጠችኝ፤ ገብሱ በቅቤ ተለውሶ ገና ይሸታል። «ለመንገድ ይሁንዎት፣ እትዬ» አለች። እርስዎ ማለቷን አልተወችም። ጎንበስ ብላ ጉልበቴንም ሳመች። እጄን የት ላድርገው ጠፋኝ።

እሑድ

ቦታው ሊለካ የነበረበት ቀን ነው። ከመስፍን ጋር ላምበረት መናኸሪያ ቆመን አውቶቡስ እንጠብቃለን። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እሱ ዝም ሲል እኔ የባሰ እንደምናደድ ያውቃል፤ ያኔ ግን መናደድም አልቻልኩም።

«ለምን እምቢ አላልከኝም?» አልኩት።

«አንቺን?»

«አዎ እኔን! ሐሙስ ዕለት ‹አንቺ አያገባሽም፣ ዳቦሽን ጋግሪ› ለምን አላልከኝም?»

ፈገግ አለ፤ የድካም ፈገግታ። «እትዬ፣ አንቺን እምቢ ማለት መቼ አስተማርሽኝ?»

ወይ ጉድ። ይሉኝታውን ላስተወው አገር አቋርጬ ሄጄ፣ ምክሬን የተቀበለኝ በይሉኝታ ነው! ለኦቦ ቶሎሳም፣ ለጎረቤቱም፣ ለደንበኛውም ያደረገው ሁሉ ወዶ፣ አስቦ፣ ሥራውም እንደሚቆምበት አውቆ ነበር። ሳይፈልግ፣ ሳያምንበት፣ ጥፋት መሆኑን እያወቀ እሺ ያለኝ ለእኔ ብቻ ነው። አውቶቡሱ መጣ። ቦርሳዬን አስገባልኝ፣ መስኮት ዳር አስቀመጠኝ፣ እስክንነሳ ቆሞ ጠበቀ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ጫልቱ ናት በስልክ የምትነግረኝ። ማንም አላኮረፈውም። ሰላምታው እንደ ድሮው ነው። ግን በር የሚያሠራው ሰው ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ሰው ሞቶ ሳጥኑ ከሱቅ ተገዛ፤ መስፍን ልሥራው ሲል «አንተ ሥራ ይበዛብሃል፣ አናስቸግርህም» አሉት። ማርቆስ ሥራ ሲያንስ ገላን ፋብሪካ ገባ። ባዶው ቦታ ላይ የኦቦ ቶሎሳ የዘመድ ልጅ ጎማ መጠገኛ ከፍቷል። የስድስት ወሩ ውል ሁለት ወር ቀርቶታል።

መስፍን ራሱ ይህን አንድም ቀን አልነገረኝም። እሑድ እሑድ ይደውልልኛል፣ የሚያመኝን ጉልበቴን ይጠይቀኛል፣ ይስቃል። ባለፈው እሑድ «ለፋሲካ ልምጣ እንዴ?» አልኩት።

«ነይ እንጂ እትዬ! ነይ!» አለኝ፣ ሳይተነፍስ።

ድሮ ቢሆን ይህን ስሰማ ያን ዕለት ጓዜን እጠቀልል ነበር። አሁን ግን ነይ ያለኝ ከልቡ ይሁን፣ ወይስ አትምጪ ማለት አቅቶት፣ በምን ልወቀው? አርባ ዓመት የማውቀው ድምፅ ነው፤ እኔ ነኝ አፉን ያስፈታሁት። ስለዚህ ዋሸሁት። «ምድጃው ተበላሽቶብኛል፣ ዘንድሮ አይሆንልኝም» አልኩት።

«ውይ፣ ምነው?» አለ።

አዝኖ ይሁን ቀሎት፣ አልለየሁትም።